ኤስኤልኬ 200 ኮምፕረሰር አዳማ ላይ፦ ከሞተሩ በፊት ጣሪያውን እዩ

አዳማ ላይ ጣሪያው የሚከፈት መኪና ሊገዛ የወጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙና ሞተሩ ላይ ነው። ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ ኮፈኑን ብድግ አድርጎ «ድምፁን ስማው እስቲ፣ ሰዓት እኮ ነው» ይላል። የመርሴዲስ ኤስኤልኬ ሁለተኛውን ትውልድ፣ ፋብሪካው አር 171 የሚለውን፣ ለመግዛት ያሰበ ግን ኮፈኑን ለደላላው ትቶለት ወደ ኋላ ይዙር። የዚህ መኪና ውድ ዕቃ ያለው ፖርታባጋልዮው ውስጥ ነው። የ200 ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ ያለው፣ ሞተር በጊዜው ሲ ክላስና ኢ ክላስ ላይም የተገጠመ ስለሆነ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። ጣሪያው ግን የራሱ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ የቀረው ሁለት ሰው የሚጭን፣ ዝቅ ያለ፣ ሻንጣ የማይበቃው አውቶሞቢል ነው።

መኪናው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2011 ብሬመን በሚገኘው የመርሴዲስ ፋብሪካ ተሠርቷል። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ8 ሳንቲ ገደማ ነው፤ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ደግሞ 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ። የብረት ጣሪያ በሃይድሮሊክ ታጥፎ ኋላ መግባቱ ከ1996ቱ የመጀመሪያው ኤስኤልኬ ጀምሮ ያለ ነገር ሲሆን ይህኛው ያንኑ አሳምሮ ቀጠለ። 200 ኮምፕረሰሩ 1.8 ሊትር፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 163 የፈረስ ጉልበት ነው። ከወንድሞቹ ደግሞ 280ው ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሆኖ 231፣ 350ው ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሆኖ 272፣ 55 ኤኤምጂው ባለ 5.4 ሊትር ቪ8 ሆኖ 360 የፈረስ ጉልበት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ከታደሰ በኋላ 200ው ወደ 184፣ 350ው ወደ 305 ከፍ ብሏል። ሊብሬው ላይ የተመረተበት ዘመን 2008 የሚል መኪና ከእድሳቱ በፊትም በኋላም ሊሆን ስለሚችል በዓመቱ ብቻ አትመኑ፤ የሻንሲ ቁጥሩን አስፈትሹ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ገበያው ላይ ያለው ቀድሞ የገባው ብቻ ነው። ስለዚህ ሻጩ ዋጋ ላይ ይደርቃል። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ለዕቃ የሚፈታ ሌላ ኤስኤልኬ እንደ ልብ አለመገኘቱ ነው። ካንዴላና ፊልትሮ ሶማሌ ተራ ወርዶ ማግኘት ይቻላል፤ የጣሪያ ፒስተን ግን ማዘዝ ይጠይቃል፣ መጠበቅም ይጠይቃል። ዋጋ ስትከራከሩ ይህን አስቡት።

መልኩን በሚመለከት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ የሚታይ ነው። አፍንጫው የፎርሙላ 1 መኪና እንዲያስታውስ ተብሎ የተቀረጸ ነው፤ ኮፈኑ ረጅም፣ ጅራቱ አጭር፣ ሾፌሩ የሚቀመጠው ወደ ኋላ ጎማዎቹ ተጠግቶ ነው። ጣሪያው ሲከፈት መስመሩ ቀጥ ብሎ ያምራል። ሲዘጋ ከጎን ላየው ኋላው ትንሽ ከበድ ይላል፤ ብረት ጣሪያ የሚውጥ ፖርታባጋልዮ ከዚህ ቀጠን ሊል አይችልም። አዳማ ላይ የሚያስቸግረው የፊት መብራቱ ነው። ሽፋኑ ፖሊካርቦኔት ስለሆነ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ላይ ይቢጫል፣ ይደበዝዛል። በ1000፣ ቀጥሎ በ2000 የብርጭቆ ወረቀት ውኃ እያስነኩ ፈግፍጎ በፖሊሽ ማጥራት ይቻላል፤ ሆኖም ከላዩ ፀሐይ የሚከላከል ቅብ ካልተቀባ በጥቂት ወራት ተመልሶ ይቢጫል። «አጥርተነዋል» የሚል ሻጭ ቅቡን ቀብቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ወደ ጣሪያው እንመለስ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መሀል ኮንሶሉ ላይ ያለውን ማብሪያ ይዞ መቆየት ነው። መጀመሪያ የጎን መስታወቶቹ ዝቅ ይላሉ። የፖርታባጋልዮው ክዳን ከተለመደው በተቃራኒ ከፊት በኩል ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጣል። ጣሪያው ከፊት መስታወቱ ግንባር ይላቀቅና ለሁለት እየታጠፈ ይነሣል። በዚህ መሀል የኋላ መስታወቱን ተመልከቱት፦ ብቻውን ዞሮ ጀርባውን ከጣሪያው ጉብታ ጋር ያስማማል። ማንኪያ በማንኪያ ላይ እንደሚደረደር ማለት ነው፤ ቦታ የሚቆጥበው ይህ ዙረት ነው። ከዚያ ሁሉም ሰምጦ ክዳኑ ይመለሳል። ሙሉው ሥራ 22 ሰከንድ ነው። ይህ ትውልድ እየተነዳ አይከፍትም፤ መንገድ መብራት ላይ «እስኪለቀቅ ይደርሳል» ብሎ የጀመረ ሰው ባጃጁ ሁሉ ከኋላው እየጮኸበት ክዳኑ ተገልብጦ ይቀራል። ክዳኑ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ከበስተጀርባ ቢያንስ አንድ እርምጃ ክፍት ቦታ፣ ከላይም ጣሪያው ሲነሣ የሚበቃ ከፍታ ይፈልጋል። ዝቅ ባለ ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ አትሞክሩት።

ሊገዙት ሲሄዱ ጣሪያው መፈተሽ ያለበት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ ጠዋት መኪናው ቀዝቅዞ፣ አንዴ ቀትር ላይ ፀሐይ ከመታው በኋላ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የሃይድሮሊክ ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ጠዋት ሳያንጠባጥብ የዋለ የደከመ ማሸጊያ ቀትር ላይ ይለቃል። ሰከንዱን በስልክ ቁጠሩ። 22 እና 24 አካባቢ ከሆነ ደህና ነው። ከ30 ካለፈ ወይ ዘይቱ ጎድሏል፣ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ፓምፑ አርጅቷል። መሀል ላይ ቆሞ ማብሪያው ሲለቀቅና እንደገና ሲያዝ የሚቀጥል ከሆነ «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፣ ምንም አይደል» የሚለውን አትቀበሉ።

ቀጥሎ ፖርታባጋልዮውን ክፈቱና የጎን ምንጣፉን ገለጥ አድርጉ። ፓምፑና የዘይት ማጠራቀሚያው እዚያ ነው። ነጭ ሶፍት ይዛችሁ የፒስተኖቹን ዘንግ አንድ በአንድ ጥረጉ። ደረቅ አቧራ ከወጣ ጥሩ። ሶፍቱ ከረጠበ፣ ወይም ዘንጉ ላይ አቧራው እንደ ጭቃ ከተጋገረ ማሸጊያው እያለቀሰ ነው። ከዚያ ወደ ሾፌሩ ወንበር ግቡና ከመስታወቱ በላይ ያለውን የጣሪያ ልብስ ጫፍ በባትሪ ብርሃን አብሩበት። የዘይት እድፍ እዚያ ካለ የፊት መቆለፊያው አካባቢ ያለው መስመር እየለቀቀ ነው። አዲስ የታጠበ ወይም አዲስ የተለበጠ የጣሪያ ልብስም የራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

የዚህ ሥርዓት ዘይት ዝግ ነው፤ አይቃጠልም፣ አይተንም። ስለዚህ ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል ማለት ነው፤ ሞልቶ መመለስ ጥገና አይደለም። የሚሞላውም መርሴዲስ ለጣሪያው የሚያዘው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት ወይም የፍሬን ዘይት የጨመረበት ጋራዥ ማሸጊያዎቹን ሁሉ ጨርሶ ነው የሚሰጣችሁ፤ የፍሬን ዘይት በተለይ የዚህን ሥርዓት ጎማ ያሳብጠዋል። ፒስተኑ ከለቀቀ ሙሉውን መለወጥ ግድ አይደለም፤ ተፈትቶ ማሸጊያው ብቻ ሊቀየር ይችላል። እዚህ ላይ የሚሳሳተው ሰው ብዙ ነው። ልኩ ገጠመ ተብሎ ተራ የጎማ ቀለበት ከተከተተ ዘይቱና ሙቀቱ ወራት ሳይሞላ ይበሉታል። ዘይትና ሙቀት የሚችል ቫይቶን ወይም ፖሊዩሬቴን መሆን አለበት። አንዱ ፒስተን ከለቀቀ እኩያዎቹም ተራ ይዘዋል፤ የጎን ልብሱ አንዴ ከተፈታ ሁሉንም በአንድ ቀን ማስጨረስ የእጅ ዋጋ ያድናል።

«ጣሪያው ሞቷል» ተብሎ ጋራዥ የሚገባው ሁሉ ግን የሃይድሮሊክ በሽተኛ አይደለም። መጀመሪያ የሚታየው ፖርታባጋልዮው ውስጥ ያለው የዕቃ መከለያ ነው። ጣሪያው ወርዶ የሚያርፍበትን ቦታ ከሻንጣው የሚለየው እሱ ነው፤ ወርዶ ካልተቆለፈ ኮምፒውተሩ ጣሪያው ሻንጣ እንዳይጨፈልቅ ብሎ ምንም አያንቀሳቅስም። መቆለፉን የሚያየው ትንሽ ማብሪያ አለ። አዳማ ላይ እዚያ ውስጥ አቧራ ይገባል፤ መከለያው ወርዶም «አልወረደም» ይላል። በኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ሁለቴ ረጭቶ መከለያውን አሥር ጊዜ ያህል ማውረድና ማንሣት ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ሁለተኛው ተጠርጣሪ ባትሪ ነው። ፓምፑ ብዙ ኮረንቲ ስለሚስብ ሞተር ለማስነሣት የሚበቃ ባትሪ ለጣሪያው ላይበቃ ይችላል። ሦስተኛው፣ ባትሪ ተፈትቶ ከተመለሰ በኋላ የበር መስታወቶቹ ልካቸውን ይረሳሉ፤ መስታወቱን እስከ ጫፍ ከፍ አድርጎ ማብሪያውን አንድ ሰከንድ ያህል ሳይለቁ መያዝ፣ በሁለቱም በር። እነዚህ ሦስቱ ሳይታዩ ፓምፕ ይቀየር የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀበሉና ውጡ።

ጣሪያው መሀል መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ ጎረቤት ጠርቶ በእጅ መግፋት አይሞከርም። ዘይቱ ውስጥ ግፊት እያለ የሚገፋ ሰው ክንዶቹን ያጣምማል፤ ከተጣመሙ በኋላ ጣሪያው ሲዘጋ በአንድ ወገን ክፍተት ይተዋል። ተቃራኒው አደጋም አለ፦ ግፊቱ ከደቂቃዎች በኋላ እየወረደ ሲሄድ በአየር ላይ የቆመው ብረት በራሱ ክብደት ሊወርድ ስለሚችል እጅም ራስም እሱ መሀል አይገባም።

ውኃም መፈተሽ አለበት። በጋ ላይ የሚገዛ ሰው ይረሳዋል፣ ሐምሌ ሲመጣ ያስታውሰዋል። 10 ሊትር ውኃ በጀሪካን ይዛችሁ ጣሪያው ተዘግቶ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ በሁለቱም ጎን። ከዚያ የፖርታባጋልዮውን ወለል ምንጣፍ አንሥታችሁ ንኩት። ጣሪያው ውኃን በጎማ ብቻ አይደለም የሚመልሰው፤ ቦይ አለው፤ ከቦዩም ወደ ምድር የሚያወርዱ ቱቦዎች አሉ። የአዳማ አቧራ ደቃቅ ነው። መጀመሪያ ቦዩ ውስጥ እንደ ዱቄት ይተኛል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያቦካዋል፤ ከደረቀ ቡሽ ነው። ከዚያ በኋላ ውኃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግ በፊትና ከክረምት በፊት፣ በቫኪዩም መምጠጥና በቀጭን የፕላስቲክ ገመድ ቀስ ብሎ ማስለቀቅ ይበቃል። ሽቦ አይገባም፤ ቱቦውን ይበሳል። የጎማ ማሸጊያዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ አድርቆ፣ ለጎማ የሚሆን ሲሊኮን በስሱ መቀባት። ግራሶ የሚቀባ አለ። ግራሶ ጎማውን ያለሰልሰዋል፤ ያንን ደቃቅ አቧራ ደግሞ ይዞ ያስቀረዋል፤ ከዚያ በኋላ ጣሪያው በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት እየጎተተ ነው።

እንዲህ ከሆነ የጨርቅ ጣሪያ ያለው መኪና አይሻልም ወይ የሚል ይኖራል። ለአዳማ ፀሐይ አይሻልም። ብረት ጣሪያ ሲዘጋ ይህ መኪና ሙሉ አውቶሞቢል ነው፤ አየር ማቀዝቀዣው ጠባቧን ክፍል ቶሎ ያበርዳል፣ የከባድ መኪና ድምፅም ውጭ ይቀራል።

ነፋሱን በተመለከተ፦ ከከተማዋ ጀርባ ባሉት ኮረብቶች ላይ 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለት የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ለጌጥ አልተተከሉም። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አቧራ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ጣሪያውን ከፍቶ መሀል ከተማ መዞር ዳሽቦርዱን ለመጋገር ካልሆነ ጥቅም የለውም። ለዚህ መኪና የአዳማ ሰዓት ሁለት ነው፤ ማለዳ እስከ 3 ሰዓት፣ ማታ ደግሞ ከ11 ሰዓት በኋላ። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ድረስ ዝጉት። 85 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ የጎን መስታወቶቹ ተዘግተው፣ ከራስ መደገፊያዎቹ ጀርባ ባሉት ቅስቶች ላይ የሚወጠረው የነፋስ መከላከያ መረብ ከተወጠረ፣ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ሳይጮሁ ማውራት ይቻላል። መረቡ ከሌለ ነፋሱ ከኋላ ተመልሶ ማጅራት ይመታል፣ ወረቀትና ነጠላ ያበራል። ብዙ የሚሸጥ መኪና ላይ መረቡ ጠፍቷል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሳታዩት ዋጋ አትጨርሱ።

ከራስ መደገፊያው ሥር ለአንገት ሞቅ ያለ አየር የሚነፋው ኤርስካርፍ መጀመሪያ የመጣው በዚህ መኪና ነው። ሦስት ደረጃ አለው፤ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ይሸጥ ስለነበር ሁሉም ላይ የለም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ማለዳ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ ሰው ደስ ይላል። አዳማ ውስጥ ለሚውል ግን ዋጋ የሚያስጨምር አይደለም። ካለ፣ አብርታችሁ እጃችሁን አቅርቡ። ወንበሩ ውስጥ ያለችው ፋን አቧራ ከበላች መጀመሪያ ታጉረመርማለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች፤ እሷን ለማውጣት ወንበሩ ይፈታል።

ወንበሮቹ ጥሩ ናቸው፤ ጎን ይይዛሉ፣ ረጅም ሰውም እግሩን ይዘረጋል። ችግሩ መግባትና መውጣት ላይ ነው። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ በሩ ረጅም ነው፤ ጉልበት ለሚያማቸው እናት ወይም አባት ይህ መኪና አልተሠራም። ጥቁር ቆዳ ያለው ጣሪያው ተከፍቶ ፀሐይ ላይ ከቆመ በኋላ አጭር ሱሪ ለብሶ የሚቀመጥበት የለም፤ ፎጣ መያዝ ነው። የአየር ማቀዝቀዣውን ፊልትሮ በየ10 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ። ለአዳማ አቧራ ከዚያ በላይ ማቆየት ፋኑን ማድከም ነው።

መንገድ ላይ ሁለት ጠላት አለው፤ ኮብልስቶንና የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ። 200ው ከፋብሪካ ሲወጣ የፊት ጎማው 205/55 አር 16፣ የኋላው 225/50 አር 16 ነው። ባለ 17 ቸርኬ ያምራል፤ ለኮብልስቶን ግን ባለ 16ቱ ይበልጣል፤ የጎማው ጎን ወፈር ስለሚል ድንጋዩን ለወገብ አያቀብልም። የፊትና የኋላው ልክ ስለሚለያይ ጎማ ከፊት ወደ ኋላ ማዟዟር አይቻልም። ብዙዎቹ ሙሉ ትርፍ ጎማ የላቸውም፤ የሚይዙት የሚሞላ ሙጫና ትንሽ ኮምፕረሰር ነው። ሙጫው የሚያበቃበት ዓመት ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ እነዚህ መኪኖች ላይ ያለው አብዛኛው ቀኑ ካለፈ ቆይቷል። ቀኑ ባያልፍም ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይደፍንም። ከተጠቀማችሁበት ደግሞ ለጎሚስታው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ሳያውቅ ከፍቶት እጁ ላይ ከፈሰሰ የሚላችሁን ታውቃላችሁ። ጉብታ ላይ ቀጥ ብሎ ከመውጣት ሰያፍ ይዞ አንድ በአንድ ጎማ ማሳለፍ ይሻላል። ከሞተሩ ሥር ያለው የፕላስቲክ መከለያ መጀመሪያ የሚቀደደው እዚያ ነው። «ፕላስቲክ ነው» ተብሎ ተፈትቶ ከተጣለ አቧራው በቀጥታ ወደ ቀበቶዎቹ ይወጣል።

ቀበቶ ካነሣን ሞተሩን እንጨርስ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ስድስት እጅ ቢሆን አንዱን እጅ ያህል ያጣ ነው። ኮምፕረሰር ስላለው ከፍታ አይሰማውም የሚባለው ትክክል አይደለም። ኮምፕረሰሩ የሚዞረው በሞተሩ ቀበቶ ነው፤ ቀጭኑን አየር በያዘው ልክ ያባዛዋል እንጂ በጭሱ ግፊት እንደሚዞረው ተርቦ ተጨማሪ ፈጥኖ አያካክሰውም። ስለዚህ 163 የተባለው ጉልበት እዚህ በሙሉ አይገኝም፤ ወደ አሰላ ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ለከተማና ለፍጥነት መንገዱ ግን በቂ ነው፤ 240 ኒውተን ሜትር ጉልበቱ ከታች ጀምሮ ስለሚመጣ ካምቢዮውን ብዙ አያስለፋም። ፍጆታው በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር አካባቢ ነው፤ ታንከሩ 70 ሊትር ይይዛል፤ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 15፣ 16 ሊትር ይበላል ማለት ነው።

የዚህ ሞተር ድክመት የታይሚንግ ካቴናው ነው። ይለጠጣል፤ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ካምሻፍቱ፣ ጫፍ ያሉትን ጥርሶችም ይበላል። ምልክቱ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ያደረ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚሰማ የብረት መንኮሻኮሽ ነው። ለዚህ ነው ሻጩ «አሙቄ ጠበቅኋችሁ» ካለ ሌላ ቀን ጠዋት መመለስ ያለባችሁ። ኮፈኑን በእጅ ዳሱት፤ ሞቃት ከሆነ ፈተናው አልተደረገም። ሁለተኛው የካምሻፍት ማግኔቶቹ ናቸው። ዘይት ያስገቡና ዘይቱ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል። ሶኬታቸውን ነቅላችሁ ተመልከቱ፤ ውስጡ ዘይት ካለ ማግኔቱን በጊዜ መቀየር ኮምፒውተር ከመቀየር ይረክሳል። የሞተር ዘይቱ 5.5 ሊትር ነው፤ የመርሴዲስ 229.5 ፈቃድ ያለው ይሁን። ፋብሪካው ከሚፈቅደው ርቀት ሳትጠብቁ በየ7 ሺህ 500 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ካቴናውን ያቆየዋል። አቧራና ሙቀት ባለበት አገር የፋብሪካውን ረጅም ልክ መከተል ቁጠባ አይደለም።

ባለ 5 ማርሽ አውቶማቲኩ ጠንካራ ነው። የሚታወቅበት ሕመም የሽቦ ሶኬቱ ቀለበት አርጅቶ ዘይት ማሳለፉ ነው፤ ዘይቱ ሽቦውን ተከትሎ እስከ ኮምፒውተሩ ይወጣል። ቀለበቱ ርካሽ ነው፣ ኮምፒውተሩ አይደለም። በእጅ የሚቀየረው ባለ 6 ማርሽ ለጥገና ይቀላል።

350ው ለሚያጓጓው አንድ ቁጥር ይያዝ። የመጀመሪያዎቹ የቪ6 ሞተሮች፣ ተራ ቁጥራቸው እስከ 30 468993 የሆኑት፣ የባላንስ ሻፍት (የሞተሩን መንቀጥቀጥ የሚያለዝበው ዘንግ) ጥርሳቸው ያለጊዜው የሚበላ ነው። ጥገናው ሞተር ማውረድ ይጠይቃል። ከዚህ ቁጥር በፊት ከሆነና ተሠርቷል የሚል ማስረጃ ከሌለ ሌላ ፈልጉ። ዘይቱም 8 ሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የመጣው ቀጣዩ ትውልድ፣ አር 172፣ ባለ 4 ሲሊንደሮቹ በተርቦ ስለሚሠሩ ለከፍታችን ይስማማል፤ የሚጠየቅበት ዋጋ ግን ሌላ ወሬ ነው።

ዕቃ የመጫን ነገር አጭር ነው፦ ጣሪያው ተዘግቶ 300 ሊትር፣ ተከፍቶ 208። ሁለት ሰው ለአንድ ቀን ሶደሬ ደርሶ ለመመለስ ፎጣና ምሳ ይበቃዋል። ጣሪያው ሲከፈት ግን ፖርታባጋልዮው ውስጥ ያለው ዕቃ ከመከለያው በላይ ጫፉን እንኳ ብቅ ማድረግ የለበትም።

ለሠርግ ለማከራየት የሚገዛም አለ። ሒሳቡን ከመጀመሩ በፊት ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ያስቀምጥና ይይ። ሙሽራው ራሱ ካልነዳ ቦታ የለም፤ ሚዜው በሌላ መኪና ነው የሚከተለው። ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ «አንዴ ድገሙት፣ ሲከፈት አላገኘሁትም» ማለቱም አይቀርም። ያለ ዕረፍት አምስትና ስድስት ጊዜ ማስከፈትና ማዘጋት ፓምፑን ያቃጥለዋል፤ ሁለት ጊዜ ካሠራችሁት በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል ይብረድ። ይህን በኪራይ ውሉ ላይ ጻፉት፤ በቃል ከተባለ ሙዚቃው ውስጥ ይጠፋል።

ላቫጆ ስትወስዱትም አብራችሁ ቁሙ። ልጁ ከፍተኛ ግፊት ያለውን ውኃ ወደ ጣሪያው መጋጠሚያ ማነጣጠር የለበትም፤ ከሁለት ሜትር ርቆ፣ ከላይ ወደ ታች ብቻ። ከታጠበ በኋላም ወዲያው አይከፈትም። ቦዩ ውስጥ የቀረው ውኃ ጣሪያው ሲነሣ ወንበሩ ላይ ይፈሳል፤ የተረፈው ደግሞ ከታጠፈው ጣሪያ ጋር ፖርታባጋልዮው ውስጥ ይገባል። በጨርቅ ደረቅ አድርጋችሁ፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጥላ ሥር አቁማችሁ፣ ከዚያ ክፈቱት።